ጓሳ በአንተ ሰዓት መቼ ይዘጋል?

ሰሞኑን ፖለቲካ ሳነብና ስጽፍ ሰንብቼ ሰልችቶኛልና ዛሬ ስለ አንድ የእጅ ሰዓት ላውጋችሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ይኸም ያው ፖለቲካ ነው» የምትሉኝ ከሆነ ግን አልከራከርም።

ሰዓቱ የአባቴ ሴይኮ 5 ነው። የጃፓኑ ፋብሪካ ይህን ዓይነት ሰዓት ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በአባቱ፣ በአጎቱ ወይም በሒሳብ መምህሩ እጅ ላይ ሳያየው አልቀረም። ባትሪ የለውም። በሆዱ ውስጥ ያለች ግማሽ ክብ ብረት ባለቤቱ እጁን ባወዛወዘ ቁጥር ወዲያና ወዲህ እየዞረች ሞላውን ታጠብቃለች፤ ሰዓቱም በዚያ ጉልበት ይሄዳል። ከእጅ ወልቆ ከተቀመጠ ግን 40 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይቆማል። የዚህ ሰዓት ቀለብ የሰው እንቅስቃሴ ነው ማለት ነው።

አባቴ ሰዓቱን የሚሞላው በሐበሻ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ 12፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያለ። በዚህ የሚገርም ነገር የለም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም የሚቆጥሩት እንዲሁ ነው። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር የቀኑ ርዝመት ከክረምት እስከ በጋ ብዙ ስለማይለያይ ቀንን ከንጋት መቁጠር ያስኬዳል። ችግሩ የሚመጣው በሰዓቱ ፊት ላይ ካለችው ትንሽ መስኮት ነው። በመስኮቷ ውስጥ ያለው የቀን ቁጥር የሚለወጠው ቆጣሪዎቹ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ 12 ላይ ሲገናኙ ነው። ለፈረንጅ ይህ እኩለ ሌሊት ነው። ለእኛ ግን ወይ የንጋቱ 12 ወይ የምሽቱ 12 መሆን አለበት። የትኛው?

በዚህ ጉዳይ አባቴና የእናቴ አባት ለዓመታት ተከራክረዋል። አያቴ ቄስ ነበሩ። አባቴ «ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው» ሲል፣ አያቴ ደግሞ «ቅዳሜ ማታን ‹ለእሑድ አጥቢያ› ትል የለም እንዴ? እሑድ የገባው ሲመሽ አይደለም?» ይሉት ነበር። አጥቢያ የሚለው ቃል የንጋት ዋዜማም፣ የአንድ ደብር ምእመናን የሚኖሩበት ቀዬም ስም መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩም ነበር። በመጨረሻ አያቴ ረቱ። ከዚያ ወዲያ የአባቴ ሰዓት ቀኑን የሚለውጠው ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሆነ።

ሌላም ጣጣ ነበር። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ሰዓቱ ግን እስከ 31 ይቆጥራል። ስለዚህ በየወሩ በ30ኛው ቀን ማታ አባቴ መሙያውን አንድ ጊዜ ጫን አድርጎ 31ን ያሳልፋታል። የጳጉሜ መጨረሻ ማታ ደግሞ ከ6 ተነሥቶ 1 ላይ እስኪደርስ ድረስ ሃያ ስድስት ጊዜ ይጫናል፤ እኔና እኅቶቼ ከበነው በአንድ ድምፅ እንቆጥራለን። ሃያ ስድስት ስንል አዲስ ዓመት ገባ ማለት ነው። የእኛ ቤት ዕንቁጣጣሽ የሚጀምረው በዚህ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ አንድ ሌላ ሰዓት አነበብኩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊዘርላንድን በጎበኙ ጊዜ እንደተበረከተችላቸው የሚነገር አንዲት የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት አለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ውስጥ ለጨረታ ልትቀርብ ስትል በባለቤትነቷ ላይ ክርክር ተነሥቶ ከጨረታው ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና ቀርባ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠች። የሰዓቷ ዋጋ በወርቋ ብቻ አይደለም። የትኛው የፈረንጅ ወር 30፣ የትኛው 31 እንደሆነ፣ ፌብሩዋሪ በየትኛው ዓመት 29 እንደምትሆን ያለ ሰው እርዳታ የምታውቅ መሆኗ ነው። ይህን ሁሉ የምታውቀው ሰዓት ጳጉሜን ግን አታውቃትም። የጃንሆይ ሰዓት ያላወቀችውን የአንድ የገጠር መምህር ሰዓት ሃያ ስድስት ጊዜ እየተጫኗት ታውቅ ነበር። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻዬን ስቄአለሁ።

*

አባቴ ሰዓቱን ያገኘው በ1967 ዓ.ም. ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ወር የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ፣ እናቱ ከዕቁብ በደረሳት ገንዘብ ፒያሳ ሄዳ ገዛችለት። «ገጠር ስትገባ ጊዜ እንዳይጠፋብህ» ብላው ነበር። የአዲስ አበባው ልጅ ካኪውን ለብሶ፣ ሴይኮውን አስሮ መንዝ ደረሰ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ዘማቾቹ አዋጁን በየቀበሌው እየዞሩ ማስረዳትና ገበሬውን በማኅበር ማደራጀት ያዙ። አባቴ ስብሰባ ይጠራል፤ «በሦስት ሰዓት» ይላል፤ ሕዝቡ የሚሰበሰበው በአምስት ሰዓት ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበርና ይናደዳል። አንድ ቀን ሰዓቱን ከፍ አድርጎ እያሳየ ስለ ሰዓት አክባሪነት ንግግር አደረገ። የአድኃሪው ሥርዓት አንዱ ቅርስ ጊዜን አለማወቅ ነው አለ። ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

«ልጄ፣ ሰዓት ማወቅህ መልካም ነው። ለመሆኑ ጓሳ በአንተ ሰዓት መቼ ይዘጋል?»

ይህን ጥያቄ ለመረዳት ጓሳ ምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል። ጓሳ በመጀመሪያ የሣር ስም ነው። ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ እረኛ ከዝናብና ከብርድ የሚሸሸግበት ገሳ የሚሠራበት ሣር ነው። ሣሩ የሚበቅልበት ከፍታም በእርሱ ስም ተጠራ። ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ፣ ደብረ ብርሃንንና ጣርማበርን አልፎ፣ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የደጋ ሜዳ ነው። ጅብራ ይበቅልበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል።

እንደ አካባቢው ትውፊት፣ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ይህን ሜዳ ለጋራ መጠቀሚያ ለይተው ሥርዓት ሠሩለት። ሥርዓቱ በአጭሩ መዝጋትና መክፈት ነው። ጓሳ ሲዘጋ ሣር አይታጨድበትም፣ ከብት አይገባበትም። አንዳንድ ጊዜ እስከ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ተዘግቶ ይቆያል። ሣሩ ሲደርስና የበጋው ችግር ሲበረታ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ በየአጥቢያው ይነገራል፤ ይከፈታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ይዘጋል። ሰዓት ያሰረ ሰው አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ቀዬ «ዛሬ ጓሳ ዝግ ነው ወይስ ክፍት?» ተብሎ የሚጠየቅ ማንም ሰው መልሱን አያጣውም።

ሽማግሌው የጠየቁት ይህን ነው። አባቴም መለሰላቸው። «ከእንግዲህ የሚዘጋና የሚከፍት የለም። ጓሳ የሰፊው ሕዝብ ነው!»

አንዳንዱ አጨበጨበ። ሽማግሌው ግን ቆመው ቆዩና «እንግዲያማ የማንም አይደለም በለኝ» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመራማሪዎች ጽፈውታል። አሮጌው ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ፈረሰ። ሁሉም የሚገባበት ሜዳ ሁሉም የሚያጭድበት ሜዳ ሆነ። ነገ ዝግ እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ዛሬ የቻለውን ያህል ያጭዳልና ሣሩ ሳሳ። አባቴ ከዘመቻው ከተመለሰ በኋላ መምህር ሆኖ ሲመደብ ዕጣው እዚያው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ደረሰው፤ እናቴን አግብቶ ኖረበት። ስለዚህ ሣሩ ሲሳሳ በዓይኑ አይቶታል። የሽማግሌውን ጥያቄ የነገረኝ ግን ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። «እኔ ሰዓት አስሬ ነበር የሄድኩት» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

*

አባቴ ያረፈው በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ ተቀበረ። ከመቃብር ተመልሰን እጃችንን ታጥበን ስንገባ ሰዓቱ በራስጌው መስኮት ላይ ነበር፤ ይሄዳል። አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። የሚሄድበት ጉልበት አባቴ በሕይወት ሳለ እጁን ያንቀሳቀሰበት ጉልበት ነው። ልጠመዝዘው፣ ልወዘውዘው አልፈለግሁም። መልሼ አስቀመጥሁት። በመጨረሻዎቹ ቀናት እጁን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ ስላልቻለ አርባውን ሰዓት አልሞላም። ሐሙስ ሲነጋ ባየው ሌሊት 9 ሰዓት ከ20 ላይ ቆሟል። አባቴን የቀበርነው ረቡዕ ቢሆንም ለእኔ ያለቀው ያን ሌሊት ነው።

ሰዓቱን አዲስ አበባ ይዤው መጣሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፒያሳ ለአንድ ሰዓት ሠሪ ሰጠሁት፤ ፈታታው፣ አጠበው፣ ዘይት ሰጠው፣ ስልኩን አይቶ ሞላልኝ። (ያ ሱቅ ዛሬ የለም፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ክፍል ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል።) ስልኩ የፈረንጅ ሰዓት ነበርና የአባቴም ሰዓት ፈረንጅ ሆነ፤ ቀኑም የፈረንጅ ቀን። አየሁት፤ ግድ አልሰጠኝም። ስልክ ይዤ የምዞር ሰው ሰዓት የማስረው ሰዓት ለማየት አልነበረምና።

በ2011 ዓ.ም. የዐድዋን በዓል አስታክኬ ወደ መሐል ሜዳ ሄድሁ። የካቲት 23 ቀን ቅዳሜ፣ የዐቢይ ጾም ቅበላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሳ ወጣሁ። ጓሳ ዛሬ እንደገና ጠባቂ አለው። የአካባቢው ሕዝብ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመካክሮ የጋራ ምክር ቤት አቋቁሞ፣ ጠባቂዎች መድቦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ አካባቢውን የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎታል፤ ክልሉም በሕግ አውቆታል። ጭላዶቹንም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። ሣሩ እንደ ባሕር ሲተኛና ሲነሣ አይቼ ብዙ ቆየሁ። ስልኬ በብርዱ ይሁን በእርጅናው ጠፋብኝ።

ከገደሉ አፋፍ ላይ አንድ አዛውንት በጎቻቸውን ወደ ቤት ሊመልሱ ይሰበስባሉ። ጋቢያቸውን ደርበዋል። ግራ እጃቸው ላይ ሰዓት አየሁ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ። ስንት ሰዓት ሆነ?»

አዩና «አሥር» አሉኝ።

ጠጋ ብዬ ሳይ ትንሿ ቆጣሪ ያለችው 4 ላይ ነው። የእኔም 4 ላይ ናት። «በፈረንጅ ነው የተሞላብዎት፤ ላስተካክልልዎት?» አልሁና እጄን ዘረጋሁ።

«ኧረ ተወው ልጄ!» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኋላ እንዳስደነገጡኝ ሲያውቁ ሣቅ አሉና ነገሩኝ። «ልጄ ናት የላከችልኝ። ጂዳ ናት። በስድስት ዓመተ ምሕረት ያ ሁሉ ልጅ ሲባረር የጎረቤት ልጅ ይዛልኝ መጣች። እርሷ ግን ቀረች። ሰዓቱን የሞላችው በእጇ ነው። እኔ ማዶ ለማዶ ማንበብ ምን ይቸግረኛል?»

በዚያን ጊዜ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ150,000 በላይ ነበሩ። ከመካከላቸው አንዷ በሻንጣዋ ይህን ሰዓት ይዛ ነበር። ጂዳና አዲስ አበባ በዓለም የሰዓት አቆጣጠር እኩል ናቸው፤ ልዩነቱ በአሞላል ነው፣ ከቁጥሩ ማዶ ያለውን ቁጥር ካነበቡ የእኛ ሰዓት ይወጣል። አዛውንቱ አምስት ዓመት ያህል ማዶውን ያነባሉ።

«ባትሪ ሲያልቅበትስ?»

«መሐል ሜዳ ወስጄ አስለውጣለሁ። ልጁ በሐበሻ ሊሞላው ሲል ‹እንደ ነበረው መልስልኝ› እለዋለሁ።» ከዚያ የእኔን ሰዓት አዩት። «የአንተውስ የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«እርሳቸውም በፈረንጅ ነበር የሚያነቡት?»

ሰዓቱን ከታጠበ ጀምሮ ሳስር ስምንት ወር አልሞላኝም፤ ግን ዕድሜ ልኬን የበደልኩት መሰለኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መሙያውን ሳብሁና ቆጣሪዎቹን ስድስት ሰዓት ወደፊት ወስጄ 10 ላይ አቆምሁ። ወደኋላም መውሰድ ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ይሆናል። ወደፊት ሲሄድ የሚለወጠው ሲመሽ ነው፤ የአያቴ ፍርድ ይህ ነበር። የቀኑ ቁጥር 2 ነበር። «ዛሬ ጊዮርጊስ አይደል?» አሉ አዛውንቱ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው። ሃያ አንድ ጊዜ ተጭኜ 23 ላይ አደረስሁት።

ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን አደረግናቸው። አንዱ 4 ይላል፣ አንዱ 10። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም የሚነበቡት ባለቤታቸው ለሚወደው ሰው ሲባል ነው።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና የአባቴን ታሪክም ነገርኋቸው። ዘማች እንደነበረ፣ ሽማግሌው የጠየቁትን፣ እርሱም የመለሰውን። ሊወቅሱት ይችላሉ ብዬ እየጠበቅሁ ነበር። በዝምታ ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦

«ልጆች ነበሩ። ከነገሩን ግማሹ እውነት ነበር። እኔ ጓሳ የምገባው በአያት በቅድመ አያቴ ስም ነበር፤ የእነርሱ ዘር ያልሆነው ጎረቤቴ ቆሞ ያየኛል። አሁን እርሱም ይገባል። ደግ ሆነ። መዝጋቱን ግን ባይተዉት ኖሮ።»

በጎቻቸውን ይዘው ወረዱ። እኔ ቆየሁ። ቀኑን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጩ የዋሉት ጭላዶች በየቡድናቸው ወደ ገደሉ አፋፍ መሰብሰብ፣ ቀጥሎም ሌሊት ወደሚያድሩበት ገደል መውረድ ጀመሩ። ማለዳ ይወጣሉ፣ ማታ ይወርዳሉ። ወደ 12 ሰዓት ሲሆን በሰዓቱ መስኮት ውስጥ 23 ቁጥር ቀስ እያለች ሸሸች፤ 24 ገባች። ለእሑድ አጥቢያ ሆነ።

*

እንግዲህ ወደ ፖለቲካው የምመጣው እዚህ ላይ ነው።

እኛ አገር መንግሥት ከሕዝብ ጋር ስለ ሰዓት ብዙ ጊዜ የተነጋገረው በአንድ ቃል ነው፦ ሰዓት እላፊ። አባቴ ስለ ደርግ ዘመን ሲያወራ የእጅ ሰዓት ዋነኛ ጥቅም ለቀጠሮ እንዳልነበረ ይነግረኝ ነበር። ሲመሽ ጎረቤት መጥቶ «ስንት ሰዓት ቀረኝ?» ይለዋል። የሚጠይቀው ስንት ሰዓት እንደሆነ አይደለም፤ ስንት እንደቀረው ነው። ሰዓት ያለው ሰው ለሌለው የሚያካፍለው ትልቁ ነገር ይህ ነበር።

ያ ነገር አልፏል ብለን ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ደብረ ብርሃንን ጨምሮ በክልሉ ከተሞች ሰዓት እላፊ ተጣለ። አዋጁ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአራት ወር ተራዘመ። በዚያ ወቅት ደብረ ብርሃን የሚኖር ዘመዴን ሳገኘው እጁ ላይ ያረጀ ሰዓት አየሁ። ስልክ ከያዘ ወዲህ ሰዓት አስሮ አያውቅም ነበር። «መብራት ሲጠፋ ስልኩ ይሞታል» አለኝ፤ «ስንት እንደቀረኝ ማወቅ አለብኝ።» የአባቴን ጎረቤት ጥያቄ፣ ያውም በዚያው ቃል፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ሰማሁት።

ጓሳን መዝጋትም ሰዓት እላፊን መጣልም መከልከል ነው። ሁለቱም «ከዚህ በኋላ አትግባ» ይላሉ። ሁለቱም ቅጣት አላቸው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ጓሳ ሲዘጋ ዘጊው ራሱም ውጭ ይቀራል። የእርሱም በሬ አይገባም፣ የእርሱም ጣራ ሣር አጥቶ ያፈሳል። መቼ እንደሚከፈትም አብሮ የመከረ ያውቃል። ሰዓት እላፊ ሲጣል ግን ዘጊው ውጭ ነው፣ የተዘጋበት ውስጥ ነው፤ መቼ እንደሚከፈትም የሚያውቅ አንድ ወገን ብቻ ነው።

ሆኖም ይህን ብዬ አሮጌውን ዘመን ላሞግስ አልችልም። አዛውንቱ ራሳቸው አልፈቀዱልኝም። የጥንቱ ጓሳ መዝጊያ ነበረው፣ በሩ ግን ለሁሉም አልነበረም። የ1967ቱ ትውልድ በሩን ለሁሉም ከፈተና መዝጊያውን ሰበረው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ፖለቲካችን ከሁለት አንዱን እየመረጠ ይጣላል። አንዱ ወገን «እንደ አባቶቻችን ዝጉት» ይላል፣ ሌላው «የሁሉም ነው» ይልና የማንም ያደርገዋል። እኔ የማውቃቸው አንድ በግ ጠባቂ ሽማግሌ ግን ጎረቤታቸው በመግባቱ ደስ ብሏቸው፣ መዝጊያው በመሰበሩ አዝነው፣ ሁለቱን በአንድ አንደበት ተናገሩ። የመንዝ ገበሬዎች ያደረጉትም ይህንኑ ይመስለኛል፤ በጋራ ከፈቱት፣ በጋራ ዘጉት። ማንም አዋጅ ያላስተማራቸውን ነው።

አባቴ በሕይወት ቢኖር ይህን ጽሑፍ አንብቦ ምን ይለኝ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት «ለሽማግሌው መልስ ሳልሰጥ ቀረሁ» ይል ይሆናል። እኔም ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ወደ ጓሳ አልወጣሁም፤ የአዛውንቱ ልጅ ከጂዳ መጥታ ሰዓቱን በእጇ መልሳ ሞልታው እንደሆነም አልሰማሁም። የአባቴን ሰዓት ግን በየቀኑ አስራለሁ፤ ሌሊት እንኳ አላወልቀውም። በየወሩ በ30 ማታ 31ን አሳልፋለሁ። ልጆቼ የጳጉሜን ሃያ ስድስት መቁጠር ለምደዋል፤ ትንሿ ሁልጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ትዘላለች።

ክረምት ሲገባ ደግሞ አንድ ምሽት ሰዓቱን አያለሁ። የሽማግሌው ጥያቄ በአባቴ በኩል ለእኔ የተላለፈ ዕዳ ነውና፣ ሃምሳ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን መልሱ ይኸው፦ በአባቴ ሰዓት ጓሳ የሚዘጋው ሐምሌ 4 ቀን ማታ፣ ልክ 12 ሰዓት ላይ፣ ለጴጥሮስ ወጳውሎስ አጥቢያ ነው።

ቸር ይግጠመን።